የሚታኘክ ውኃ

ሮዚ በዚያ ጉዞ ላይ ወዶ የተናገረው የመጨረሻ ነገር ስለ ቅርጫት ነበር።

«አፖ፣ ይህን ቅርጫት የሠራው ሰው ጀርባ የሚባል ነገር አይቶ ያውቃል?»

«ዝም በል እንጂ!» አለ ሃሺም ከጎኑ። የእሱ ጭነት ቀድሞ ተዘጋጅቶ ጀርባው ላይ እስኪወጣ ይጠባበቃል።

«ገና አልተጫነልኝም። እስኪጫንልኝ ድረስ አፌ የራሴ ነው። የውኃ ተራዬን ወስደሃል፣ አሁን ደግሞ አፌን…»

ሽማግሌው አፖ ጣቂ ነጩን በረዶ ጀርባው ላይ ጣለበትና ወሬው እዚያው ላይ ተቆረጠ። ወዲያው የሃሺምንም ጫነ። ሁለቱ ሰዎች አፋቸውን ገጠሙ። የሦስት ቀን መንገድ ከፊታቸው ተዘርግቷል።

ሕጉ አጭር ነው። በረዶው ጀርባ ላይ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ዋሻው ውስጥ እስኪቀበር ድረስ ተሸካሚው አይናገርም፤ ቅርጫቱም መሬት አይነካም። ሃሺም የተሸከመው ጥቁሩን፣ ድንጋይ የለበሰውን በረዶ ነው፤ ይህኛው በረዶ ወንድ ነው። ሮዚ የተሸከመው ነጩን፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላውንና ውኃ የሚያንጠባጥበውን ነው፤ ይህቺኛዋ በረዶ ሴት ናት። ሁለቱ ጥላ ባለበት ዋሻ ከከሰልና ከገለባ ጋር አብረው ሲቀበሩ ይጋባሉ፣ ይዋለዳሉ፣ በልጅ ልጅ ዘመን ተራራ የሚያህል በረዶ ይሆናሉ። ሙሽሮች ደግሞ ወሬ አይወዱም።

ሮዚ አምናም እንዲህ ያለ በረዶ ተሸክሞ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ዋሻው ወለል ብሎ እየታየ፣ የመንደሩ የውኃ አባት የሐጂ ባቂር በቅሎ በረዷማው መንገድ ላይ ተንሸራታ በቂጧ ዘፍ አለች። ሮዚ «ወንበር ላምጣልሽ?» አላት። ሁለት ቃል ብቻ። በጸደይ ዋሻው ሲከፈት ከእርጥብ ገለባ በቀር ምንም አልተገኘም። የመንደሩ ሸንጎ ፊት ቆሞ «ተናግሯል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ብሎ የመሰከረው የሚስቱ ወንድም ሃሺም ነው። ሃሺም ዋሽቶ አያውቅም፤ ሲስቅ ያየውም ሰው የለም። ሸንጎው የሮዚን የውኃ ተራ ነጥቆ ለእሱ ሰጠው። ዘንድሮ ሮዚ ዝም ብሎ ከደረሰ ተራው ይመለስለታል። አንዲት ቃል ካመለጠችው ግን ተራው ለዘለዓለም የሃሺም ይሆናል፤ የሮዚ አርባ አንድ የአፕሪኮት ዛፎችም ማገዶ።

ከቤት ሲወጣ ሚስቱ ፊዛ የመረቀችው ምርቃት ይህ ነበር፦ «ወንድሜን በሰላም ይዘኸው ተመለስ። ምላስህን ግን እዚያው ገደል ጨምረው።»

የሶርቦ መንደር ውኃ ነገሩ ሌላ ነው። ድሮ ከመንደሩ በላይ ያለው የበረዶ ግግር፣ ሶርቦዎች «አባት» የሚሉት፣ ምላሱን እስከ ቦዩ አፍ ድረስ ዘርግቶ ይተኛ ነበር። ከዚያ እንደ ተቀየመ አማት በየዓመቱ ወደ ላይ እየሸሸ ሄደ። የቦዩ አፍ ገደል ላይ አየር እየጠጣ ቀረ። ከሩቅ ተጠልፎ የሚመጣው ውኃ ደግሞ ሽሮ የመሰለ ግራጫ ነው፤ አባት ለሺህ ዓመት ሲፈጨው የኖረውን ድንጋይ ሁሉ ተሸክሞ ይወርዳል። ቦዩ በአሥር ቀን ይደፈናል። ይጠረጋል። በአሥር ቀን ይደፈናል። ከቦዩ ጭራ ላይ ያለ ሰው የሚደርሰው ደለሉ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ጎረቤቶቻቸው «የሶርቦ ሰው ውኃ አይጠጣም፣ ያኝካል» የሚሉት። እውነትም የመጀመሪያውን ጉንጭ ያኝኩታል፤ ጥርሳቸው ውስጥ የሚንኮሻኮሸውን አዳምጠው፣ ተፍተው፣ ከዚያ ይጠጣሉ። ሮዚ አንድ ክረምት ሙሉ ሳይተፋ ጠጥቶ በጸደይ አንድ ክንድ የድንጋይ አጥር ሆዱ ውስጥ ተሠርቶ እንደተገኘ ለሰማው ሰው ሁሉ ይምላል።

እና አሁን ይህ ሰው ሦስት ቀን ዝም ሊል ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጠላት ነፋስ ነበር። በረዶውን ከወሰዱበት፣ ከጎረቤት አገር ከታሉ ግግሮች ተነስተው ወደ ተራራው አንገት ሲወጡ ነፋሱ በረዶ እየዘገነ ፊታቸው ላይ በተነው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። በእግራቸው ዳበሱ፤ ተንበረከኩ፤ ተነሱ። ሃሺም ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ሁለቱንም ጊዜ በደረቱ፣ ቅርጫቱ ወደ ሰማይ እያየ። የሮዚ ሙሽራ ደግሞ ከገለባው ሥር እየቀለጠች ቀዝቃዛ ውኃዋን በጀርባው ቦይ በኩል ወደ ሱሪው ትለቀዋለች። ቆመ፤ ቅርጫቱን አስተካከለ፤ ሄደ። ገመዱ ትከሻውን ቆረጠው። መሳደብ አማረው። ስድቡ ጉሮሮው ድረስ እየመጣ ይመለሳል፤ ሲመለስ እንደ ቃር ያቃጥላል።

ከሁሉ የባሰው አፖ ጣቂ ነው። እሱ የተሸከመው ሁለት ቅል ውኃና የስንቅ ከረጢት ብቻ ስለሆነ መናገር ተፈቅዶለታል። ሰባ ዓመት ሙሉ ዝምተኛ የነበረ ሰው አድማጭ ሲያገኝ ጊዜ አፉ ተከፈተ።

«ያቺ ጫፍ የተወለደችው እኔ ሰባት ዓመቴ ሳለ ነው» አለ ነፋሱን እየጮኸበት። «በፊት ሜዳ ነበረች።»

ሮዚ ዞር ብሎ አፈጠጠበት።

«ምን ታፈጣለህ? ውሸት ነው በላ! በል!»

አልችልም ማለት እንኳ አይቻልም። ሮዚ መሬቱን ረገጠው።

አፉ ሥራ ሲፈታ እጁ ተካው። ጠጠር እየለቀመ የሃሺምን ቅርጫት መምታት ጀመረ። ቿ! ሃሺም ይዞራል፤ ሮዚ ሰማዩን ያያል። ቿ! ይዞራል፤ ሮዚ ጫማውን ያስራል። ሠላሳኛው ጠጠር ላይ ሃሺም መዞር አቆመ። እንደ በሬ አንገቱን ደፍቶ መንገዱን ብቻ ያዘ። ሮዚ ይህቺም ጨዋታ አለቀችበትና ብስጭቱ ጨመረ።

ማታ ቅርጫቶቹን ሮዚ ይዟቸው የመጣውን ሁለት ባላ እንጨቶች ተክለው ከመሬት በላይ ሰቀሉና ተኙ። ጎሕ ሲቀድ ሮዚና ሃሺም ተጋግዘው ተሸከሙ። አፖ ጣቂ የስንቁን ከረጢት ተንተርሶ ገና ያንኮራፋል። ሮዚ በእግሩ ሊነካው ሲል ከድንጋዩ ጀርባ ድብ ብቅ አለ።

ቡናማ ነው፤ የሐጂ ባቂርን በር ያህላል። ሮዚ ኋላ ሲያወራው መስጊዱን ያህል ነበር፤ እኛ ግን በሩን ያህላል እንበል። አፍንጫውን አነሳ። የደረቀ አፕሪኮት ሸተተው። ወደ አፖ ጣቂ ራስ ተራመደ።

መጮህ የለም። ሮዚ አጨበጨበ። ሃሺም በባላው ድንጋይ ደበደበ። አፖ ጣቂ አንኮራፋ። ድቡ ቆመ፤ ሁለቱን ዲዳዎች ተራ በተራ ተመለከተ፤ ከዚያ ሐሳቡን ለውጦ ወደ ሮዚ መጣ። ሮዚ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ግንድ ደረቀ። ድቡ ዞረው። ትኩስ ትንፋሽ ማጅራቱን አሞቀው። ከዚያ ላፕ፣ ላፕ፣ ላፕ የሚል ድምፅ ሰማ፤ ድቡ ከቅርጫቱ ሥር የሚንጠባጠበውን ውኃ ይልሳል። አንዴ ቅርጫቱን፣ አንዴ ሱሪውን። ሮዚ በሕይወቱ ይህን ያህል የሚወራ ነገር ገጥሞት አያውቅም፤ ይህን ያህልም ዝም ብሎ አያውቅም።

ድቡ ጠግቦ ሲያበቃ ከረጢቱን ከአፖ ጣቂ ራስ ሥር ቀስ አድርጎ ሳበና አንጠልጥሎት ሄደ። የሽማግሌው ራስ ድንጋዩን መታ።

«ምነው?» አለ አፖ ጣቂ ተነስቶ እያሻሸ። «ምን ሆናችኋል? ድብ ያየ ሰው ነው እኮ የምትመስሉት!» ዙሪያውን ተመለከተ። «ስንቁስ? በላችሁት? ሁለት ቀን ቀርቶን ሳለ?»

ሮዚ ወደ ድቡ ዱካ ጠቆመ። እጆቹን ዘርግቶ ቁመቱን አሳየ።

«አንተማ» አለ አፖ ጣቂ፣ «ሳትናገርም ትዋሻለህ።»

በባዶ ሆድ ወረዱ። እኩለ ቀን ላይ የታሉ ወንዝ ጋ ደረሱ። ወንዙ በበልግና በመኸር ድንጋይ እያንከባለለ ይጮኻል። መሻገሪያው ከዳር እዳር በተወጠረ ሽቦ ላይ የሚሄድ፣ ከወዲያኛው ዳር በገመድ የሚጎተት የእንጨት ሣጥን ነው። አፖ ጣቂ ተሻገረ። ሃሺም ተሻገረ። ሮዚ ቅርጫቱን እንዳዘለ ሣጥኑ ውስጥ ገባ፤ ተጎተተ፤ የወንዙ መሃል ሲደርስ ቀጥ አለ።

ወዲያ ማዶ አምስት የታሉ ሰዎች ገመዱን ረግጠው ቆመዋል። ከፊት ሻዕባን ነው፤ ሮዚን ከልጅነቱ የሚያውቅ፣ ገበያ ላይ በወሬ የሚወዳደረው ሰው።

«ሰላም አለይኩም፣ ሮዚ!» ብሎ ጮኸ። «ከታሉ ምን ሰርቀህ ትሄዳለህ?»

ሮዚ በሣጥኑ ውስጥ ተወዛወዘ።

«አልሰረቅንም» አለ አፖ ጣቂ። «አባቶቻችሁ ለአባቶቻችን የፈቀዱት ነው።»

«አባቶቻችን የፈቀዱ ጊዜ ግግራችን ደጃፋችን ላይ ነበር፣ አፖ! ዘንድሮ ብቻ ሁለት መቶ እርምጃ ሸሸ። ያቀፈውን ድንጋይ ሁሉ ለቆ ጓሮዬ ላይ ናደብኝ። የእኛም እያለቀ ነው፤ እናንተ ደግሞ የቀረችውን ሴት ትጠልፋላችሁ!»

እውነቱን ነው።  ወንዙ ብቻ አወራ።

ሻዕባን ጓደኞቹን ዞር ብሎ ተመለከተና ፈገግ አለ። «እንዲህ ይሁን። አንድ ታሪክ እነግረዋለሁ። ሰምቶ ዝም ካለ ይለፍ። ከተናገረ ሕጉ ፈርሷል፤ በረዷችንን መልሱ።»

«ታሪክ ብቻ?» አለ አፖ ጣቂ።

«ታሪክ ብቻ። በግግር ላይ ስለጋለበው ሰው።»

የሮዚ ፊት ተለወጠ። ይህ የእሱ ታሪክ ነው። ሃያ ዓመት ሲያሳምረው የኖረ፣ አንዲት ጠጠር ከቦታዋ የማትነሳበት ታሪክ። ግግሩ ፈጣን በነበረበት ዘመን ሮዚን እላዩ ላይ በነበረ ድንጋይ ላይ እንቅልፍ ጣለው፤ ሲነቃ ግግሩ ድንጋዩን ተሸክሞ የፊዛ አባት ደጃፍ አድርሶታል፤ አባትየው «በድንጋይ ፈረስ የመጣ ሙሽራ» ብሎ ልጁን ዳረለት።

«አንድ ሰው ነበር» ጀመረ ሻዕባን፣ «የእኔ አጎት ነው…»

ሮዚ ሣጥኑን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«…በአህያ ተቀምጦ ሲሄድ…»

ሮዚ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አህያ! ድንጋይ ነው እንጂ!

«…ግግር ላይ ደረሰ። በረደው። ተመልሶ ቤቱ ገባ። አለቀ።»

የታሉ ሰዎች እስኪንበረከኩ ሳቁ። ሮዚ የካፖርቱን ኮሌታ ነከሰ። ዓይኑ እንባ ሞላ። አንድ ቁልፍ ተበጥሶ አፉ ውስጥ ገባ፤ ዋጠው። ሣጥኑ ከንዴቱ የተነሳ እንደ ወንፊት ተንቀጠቀጠ። ድምፅ ግን አልወጣም።

ሻዕባን እየጠበቀ እየጠበቀ ሳቁ ጠፋ። ገመዱን አነሳና ጎተተ። ሮዚን እጁን ይዞ ከሣጥኑ ሲያወጣው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ «እውነት መጨረሻው ግን ምን ነበር?» አለው። «ድንጋዩ ምን ሆነ? ሁልጊዜ እዚያች ላይ እረሳዋለሁ።»

ከፈተናዎች ሁሉ የከፋው ይህኛው ነበር። ሮዚ ሮጠ። ቅርጫት አዝሎ፣ ሽቅብ፣ ሮጠ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የገደሉ መንገድ ላይ ደረሱ። መንገዱ የለም።

አባት ሳይሸሽ በፊት ጎኑን ተጠግቶት የቆመ የድንጋይና የአፈር ካብ ነበር፤ መንገዱም በዚያ ካብ ጫፍ ያልፍ ነበር። ደጋፊው ሲሄድ ካቡ ብቻውን መቆም አቃተው። ሙሉ በሙሉ ተንዷል። ከተናደው ላይ አሁንም ጠጠር እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ አቧራው ይጨሳል። ዋሻው ማዶ ላይ ቁጭ ብሏል፤ በዓይን ሲያዩት የእጅ ርቀት ነው። በመካከል ያለው አባት ለቆት የሄደው አልጋ ነው።

አፖ ጣቂ ተቀመጠ። «በቃ» አለ። «ሁለት ቀን ወደ ኋላ። እስከዚያ ቅርጫት ውስጥ የሚቀረው እርጥብ ገለባ ነው።»

የሶርቦ ሰው አልጋውን አይረግጥም። የአባወራ አልጋ እሱ መንገድ ቢሄድ ሌላ አይተኛበትም፤ የተያዘ አልጋ ካገኘ ተቀይሞ አይመለስም። ሃያ ዓመት አንድ ሰው፣ አንዲት ፍየል እዚያ አላለፈችም። ሁሉም በገደሉ ዞሮ ይሄዳል።

ሮዚ ወደ ቅርጫቱ ጠቆመ። ጣቶቹን አንጠባጠበ። ወደ ዋሻው ጠቆመ።

«ገብቶኛል!» አለ አፖ ጣቂ ተቆጥቶ። «ዓይን አለኝ!»  ከዚያ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። «ሸክም ያለበት ይቅር፤ የሽማግሌ አልጋ ግን በጫማ አይረገጥም። አባት፣ ይቅር በለን፤ ለአንተው ወገን ነው።»

ወረዱ። በመጀመሪያ ግግሩ የሞረደው አለት ነበር፤ በሚስማር እንደተጫረ ሰሌዳ ተቧጥጧል። ከዚያ ድንጋይ፣ ከዚያ ግራጫ አፈር። ሃሺም ፊት ፊት ይሄዳል፤ ዓይኑ ዋሻው ላይ ተተክሏል። ሮዚ ግን ቆመ። ከእግሩ ሥር ሽበት የመሰለ፣ ግን አረንጓዴ የሆነ ነገር አለ። በድንጋዮቹ መካከል ቁርጭምጭሚት የማይደርስ አኻያ በቅሏል። ሌላ። ሌላም። ዝቅ እያሉ ሲሄዱ ጉልበት ደረሰ፤ ወገብ ደረሰ። ጥጥ የመሰለ ዘሩን የሚበትን ሣር አለ። ሸረሪት ድሯን ዘርግታለች፤ የተራራ ፍየል በጠጥ ጥሏል፤ አንዲት ጭራዋን የምትነቀንቅ ወፍ «ማን ናችሁ?» በሚል ዓይን ታያቸዋለች። ባዶ ነው ተብሎ በሚጠበቅ አልጋ ላይ! ሮዚ አፖ ጣቂን በክርኑ ጎሰመ። አፖ ጣቂ አይቶታል። 

ከቁጥቋጦው ሲወጡ ሐይቅ ታየ። በላይኛው በኩል የአባት ጅረት ግራጫ ሆኖ ይገባል፤ የመግቢያው ዳር ሰፊ፣ ለጥ ያለ፣ አውድማ የመሰለ ሜዳ ነው። ዋሻው ከሜዳው ወዲያ ነው። ሃሺም ቀጥታ ወደ ሜዳው ተራመደ።

ሮዚ ሜዳውን ያውቀዋል። አይቶት አያውቅም፤ ግን ያውቀዋል። ሃያ ዓመት ከቦይ ሲዝቀው የኖረው ደለል ነው። ላዩ እንደ ተወለወለ ሳህን ሲያበራ ሥሩ ገንፎ ነው። አንዲት ላም አፍንጫዋ ብቻ ቀርቶ ስትተነፍስ ያየው በዚህ ጭቃ ውስጥ ነው፤ ይህኛው ደግሞ የቦይ ሳይሆን የሐይቅ ያህል ነው።

ጠጠር አንስቶ ወረወረ። ቿ! ቅርጫቱን መታው። ሃሺም አልዞረም።

ትልቅ ድንጋይ ወረወረ። ትከሻውን አገኘው። ሃሺም ሳይዞር ቡጢውን ወደ ላይ አሳየውና መራመዱን ቀጠለ።

ሮዚ አጨበጨበ፤ ዘለለ። አፖ ጣቂ ጫማው በእጁ እንደሆነ ከኋላ ገና ከቁጥቋጦው አልወጣም። አርባ አንዱ ዛፎች በሮዚ ዓይን ፊት ተሰለፉ፤ ያቺ ጠማማዋ፣ ያቺ አባቱ የተከላት። ሃሺም አንድ እርምጃ ተራመደ። ሜዳው ከእግሩ ሥር እንደ ፍራሽ ረገበ።

«ቁም!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ገደሉ ተቀብሎ ሦስት ጊዜ መለሰው፤ ቁም፣ ቁም፣ ቁም፤ ተራራው ራሱ ምስክር የሆነ ይመስል።

ሃሺም ቆመ። ዞረ። ፊቱ ላይ የታየው ፍርሃት አልነበረም፤ ደስታ ነው። ሃሺም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፤ ጣቱንም ቀስሮ አንድ አለ፤ አንድ ቃል፣ ተናገርክ፣ አለቀልህ! እንደቀሰረ እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። ወደ ታች አየ። እስከ ወገቡ ሰመጠ።

«ሮዚ!» ብሎ ጮኸ።

ሮዚ ሮጠ። ጠንካራው መሬት ሲያልቅ ቅርጫቱን ከጀርባው አውርዶ ጭቃው ላይ ጣለው። ሙሽሪት ወጥታ ተሰባበረች። በቅርጫቱ ላይ በደረቱ ተኛ፤ ሁለቱን ባላዎች ወደ ሃሺም ዘረጋ። «ገመዱን ፍታ! በረዶውን ልቀቅ!»

«መሬት ይነካል…»

«አንተ ራስህ መሬት ውስጥ ነህ፣ የሞኝ ዘር! ፍታው!»

ሃሺም ፈታ። ጥቁሩ ሙሽራ ጭቃው ውስጥ ሰጥሞ ጠፋ። አፖ ጣቂ ደርሶ የሮዚን እግር ያዘ። ጎተቱ። ጭቃው መልሶ ጎተተ። ሮዚ ቆም አለ፤ ቦይ ውስጥ የተያዘ እግር በጉልበት እንደማይወጣ ያውቃል። «ቅሉን ስጠኝ፣ አፖ። ውኃ ይወዳል ይሄ። እግርህን አትሳበው፣ ሃሺም፤ አወዛውዘው፣ እንደ ሕፃን። አዎ።» ውኃውን በሃሺም ወገብ ዙሪያ አፈሰሰ፤ በእጁ ቆፈረ፤ አፈሰሰ፤ ቆፈረ።

እየቆፈረም አወራ። የሦስት ቀኑ ሁሉ ተናደ። ስለ ቅርጫቱ ተናገረ፤ ስለ ሱሪው፣ ስለ ድቡ፣ ስለ አምናው በቅሎ፣ ስለ ውኃ ተራው።

«ድንጋዩ ምን እንደሆነ ልንገርህ?»

«ሮዚ፣ ለአላህ ብለህ…»

«የት ትሄዳለህ አሁን? ስማ! አባትህ ድንጋዩን በረት አስገባው። እስከ ዛሬ እየጋጠ ነው። ግድግዳውን ማን የበላው ይመስልሃል?»

ከሃሺም ደረት አንድ እንግዳ ድምፅ ወጣ፤ ሳል ይሁን ሳቅ አልለየም። ብቻ ሰውነቱ ተርገፈገፈ፤ ሲርገፈገፍ ጭቃው ላላ፤ ሁለቱ ጎትተው አወጡት። ጫማውና ሱሪው ለአባት ቀሩ።

ሊታጠቡ ወደ ሐይቁ ጭራ ወረዱ። ሃሺም ጋቢ አገልድሟል። ተንበርክከው ጉንጫቸውን ሞሉ፤ እንደ ልማዳቸው አኘኩ።

ማኘካቸውን አቆሙ። ተያዩ። እንደገና አኘኩ።

ግራጫው ሁሉ ላይኛው ዳር ላይ፣ ሃሺምን ሊውጥ ባለው ሜዳ ላይ ተቀምጧል፤ የቀረውን የሐይቁ ሆድ አስቀርቶታል። በአኻያዎቹ ሥር አድርጎ የሚወጣው ውኃ የአፖ ጣቂን እግር ጣቶች አንድ በአንድ ያሳያል። ሮዚ ዝቅ ብሎ ተመለከተ፤ አሮጌው የቦይ አፍ ከታች፣ ገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ውኃ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድም፤ ይህ ውኃ ደግሞ ከላይ ነው።

አፖ ጣቂ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። «ሃያ ዓመት አልጋውን ጠበቅንለት» አለ። «እሱ ለሌላ አከራይቶታል።»

የተረፈውን ነጭ በረዶ ማን ያውቃል ብለው ጥላ ባለበት ድንጋይ ሥር ቀበሩት። ሮዚ ባዶውን ቅል ሞላ፤ አንድ አኻያ ከነሥሩ ነቀለ። በመንገድ ላይ አፖ ጣቂ እየሳለ፣ «እኔ የግራ ጆሮዬ አይሰማም» አለ። «ቀኙም ዛሬ ነፋስ ገብቶበታል።» ሃሺም ጋቢውን አጥብቆ ፊት ፊት ሄደ። ሮዚ እስከ መንደር ድረስ የሃሺምን ማጅራት እያየ ሄደ።

ሸንጎው ከመስጊዱ አጠገብ ባለው ለውዝ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። የውኃ አባቱ ሐጂ ባቂር መሃል ተቀመጠ። ሮዚ ተነሳ።

«ተናግሬአለሁ» አለ።

ሳቁ ሸንጎውን አናወጠው። «ጀመረ!» አለ አንዱ። «ተናግሮ ቢሆን ኖሮ አልተናገርኩም ይል ነበር!»

«እውነቴን ነው! በረዶው ጠፍቷል። ግን አልጋው ላይ ሐይቅ አለ፤ ውኃው ጥርት ያለ፣ ዙሪያው ዛፍ የሆነ…»

«ሐይቅ!» አሉ። «ዛፍም አለው? ድብስ?»

«ድቡ የሁለተኛው ቀን ነው!»

ሴቶቹ እንኳ ከሰገነት ላይ ሳቁ፤ ፊዛ ብቻ ፊቷን ሸፈነች። ሮዚ አኻያውን አነሳ፤ «ከወንዝ ዳር ቆርጦ» አሉት። ማለ፤ አምና ስለ ሆዱ አጥር የማለውን አስታወሱት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ይዞ መጣ፤ የሚገዛው አጣ።  ቅሉን አንስቶ ሐጂ ባቂር ጭን ላይ አኖረውና ተቀመጠ።

ሐጂ ባቂር ሳቁን ሳይጨርስ ተጎነጨ። አኘከ። ፊቱ ቆመ። ጆሮውን ወደ ጥርሱ ያዘነበለ ይመስል ራሱን ጋደል አድርጎ እንደገና አኘከ። ቅሉን ለጎረቤቱ ሰጠ። ያኛውም አኘከ። ቅሉ ዞረ። ሳቁ ከቅሉ ጋር እየዞረ ጠፋ። አርባ ሰው አፉን እያንቀሳቀሰ ዝም አለ።

በዚያ ዝምታ ሃሺም ተነሳ። «ተናግሯል» አለ። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ። 'ቁም' ነው ያለው። ባይል እኔ እዚያ ነበርኩ።» ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ። «እኔም ተናግሬአለሁ። ስሙን ጠርቻለሁ። ተራው አይገባኝም።»

«አልጋው ላይ ነው የምትሉት» አለ ሐጂ ባቂር፣ ወደ አፖ ጣቂ ዞሮ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «የአባትን አልጋ እንቆፍር ነው የምትሉት?»

«ረግጬዋለሁ፣ ሐጂ። በባዶ እግሬ። አይመለስም። ያወረሰንን ግን እዚያው አስቀምጦልን ነው የሄደው።»

 ሐጂ ባቂር ባዶውን ቅል ሲያገላብጥ ቆየ።

«ሕግ ሕግ ነው» አለ በመጨረሻ። «የተናገረ ተራውን ያጣል። ሁለታችሁም ከቦዩ ጭራ፣ ከሰው ሁሉ በኋላ ትጠጣላችሁ። አሁን አካፋ ያለው ሰው ይነሳ።»

«ከየትኛው ቦይ ጭራ?» ብሎ ጮኸ ሮዚ።

«ዝም በል!» አለው ሸንጎው በአንድ ድምፅ።

ከሐይቁ እስከ አሮጌው ቦይ አፍ፣ መሬቱ በብርድ እስኪጠጥር ቆፈሩ፤ ክረምት ከለከላቸው፤ በረዶው ሲለቅ እንደገና ቆፈሩ። ከአርባ አንዱ ዛፎች ሰባቱ በዚያ ክረምት ደርቀው ተቆረጡ፤ ጠማማዋም አለችበት። ሮዚ ሠላሳ አራቱን ይዞ ከቦዩ ጭራ ላይ ተቀመጠ። ከጎኑ ሃሺም አካፋውን ተደግፎ ቆሟል። የላይኞቹ ጠጡ። የመካከሎቹ ጠጡ። ፀሐይ ወደ ገደሉ ስታዘነብል በደረቁ ቦይ ላይ አንዲት ቀጭን ብልጭታ እየተሳበች መጣች፤ ገለባ ገፍታ፣ ጉንዳን አስሩጣ፣ የመጀመሪያው ዛፍ ሥር ደረሰች። ሥሩ ከውኃው በታች ፀጉሩ ሳይቀር ታየ።

ሮዚ ተንበረከከ። ጉንጩን ሞልቶ አኘከ። የሚታኘክ ነገር አልነበረም። እንደገና አኘከ።

ጀርባው ላይ ጠጠር አረፈ። ቿ!

«እ? ምን ይላል?» አለ ሃሺም ከኋላው። «ተናገር እንጂ፤ ዛሬ ተፈቅዷል።»

ሮዚ አልዞረም። አፉ ሙሉ ነበር።